«እጁ ወለቀ» ሲባል ካርዱ ላይ ምን ይጻፍ?



በእኛ በይፋት ቆላ ሰው መዳፉን ዘርግቶ ከወደቀና አንጓው ካበጠ «እጁ ወለቀ» ይባላል። ከባጃጅ የወደቀውም፣ ማሾ ከጫነ ጋሪ ላይ የተንሸራተተውም፣ ኳስ ሲጫወት የተደናቀፈውም ልጅ ያው «ወለቀ» ነው። በጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ ግን ይህ አንድ ቃል ሦስት ነገር ነው። ጅማቱ ከተወጠረ ወይም ከተበጠሰ ወለምታ፣ አጥንቱ ከመገጣጠሚያው ከወጣ ውልቃት፣ አጥንቱ ከተሰነጠቀ ስብራት ይባላል። በዓለም ጤና ድርጅት ዐሥረኛው የበሽታዎች ምድብ የአንጓ ውልቃት «ኤስ 63.0»፣ ወለምታው «ኤስ 63.5»፣ ከአንጓው በላይ ያለው የአጥንት ጫፍ ስብራት ደግሞ «ኤስ 52.5» ነው። እውነተኛው የአንጓ ውልቃት ብዙ አያጋጥምም፤ ራጅ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ስብራት ወይም ወለምታ ሆኖ ይገኛል።

ታዲያ ስሙ ምን ያደርግልናል? ሕክምናውም ክፍያውም የሚከተለው ስሙን ነው። በክልላችን ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ል. በደቡብ አቸፈር፣ በፎገራና በተሁለደሬ በሙከራ ተጀመረ። ጤና ተቋሙ ለአባሉ የሰጠውን አገልግሎት ዘርዝሮ ከመድኑ ይጠይቃል። ካርዱ ላይ «ወለምታ» ተጽፎ አጥንት የመመለስና የጄሶ ሂሳብ ቢቀርብ ሂሳብ መርማሪው ወረቀቱን ይመልሰዋል። በሪፈር ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደው በሽተኛም የተሳሳተውን ስም ይዞ ይሄዳል።

የቁጥር አመራረጡ ጎልቶ የሚታየው በአሜሪካ ነው፤ እዚያ ዘመድ ያላችሁ የሕክምና ሂሳብ ሲላክላቸው ሰምታችሁ ይሆናል። በሽታው አንድ ቁጥር፣ የተሠራው ሕክምና ደግሞ ሌላ ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር አለው። ሐኪሙ ሳይቀድ በእጁ ስቦ ከመለሰው፣ የወጣው የአንጓ መገጣጠሚያ ወይም ትንንሾቹ የአንጓ አጥንቶች ከሆኑ 25660፣ ሁለቱ የክንድ አጥንቶች ታች ከሚገናኙበት ከሆነ 25675፣ ጨረቃ መሰሏ ትንሽ አጥንት ከሆነች 25690 ይጻፋል። ቀዶ ጥገና ካስፈለገ በየተራ 25670፣ 25676 እና 25695 ይሆናል። የመጀመሪያው ጄሶ በዚያው ውስጥ ስለሚቆጠር ለብቻው አይጠየቅም። እጁ ታስሮ ወደ ሌላ ሆስፒታል ብቻ ከተላከም የመመለስ ቁጥር አይጻፍም፤ አልተመለሰማ!

«መድኑ እንዲከፍል ከበድ አድርጋችሁ ጻፉልን» የሚሉ አሉ። ይህ የሐሰት ምስክርነት ነው፤ ገንዘቡም የጎረቤት አማና ነው። በመድኃኒት ቤት መስኮት የማየው ግን በብዛት ሌላ ነው፤ በማዘዣው ላይ የበሽታው ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶውን ይመጣል። ስሙ ከሌለ የሕመም ማስታገሻው ለስንት ቀን እንደሚበቃ እንዴት ይገመት?

ጨረቃ መሰሏ አጥንት ስትወጣ ከፊት ብቻ በተነሳ ራጅ ልታመልጥ ትችላለች፤ ከጎንም መነሳት አለበት። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሐል ጣት ከደነዘዙ ነርቭ ተጭኗልና ማደር አይገባም። ወጌሻ አጥብቆ ያሰረው ቀርከሃም ጣቶቹን ካቀዘቀዘ ወይም ካጠቆረ በዚያችው ሰዓት ፈታችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ደም ተቋርጦ እጅ እስከ መቆረጥ ይደርሳል።

ከጤና ጣቢያው ስትወጡ ቀኝ ወይም ግራ መሆኑ፣ የትኛው አጥንት እንደወጣ፣ ሳይቀደድ ወይም በቀዶ እንደተመለሰ ተጽፎ እንደሆነ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ራጁንም ጠብቁት። ለቀጠሮ ስትሄዱ ሐኪሙ ከመመለሱ በፊትና በኋላ የተነሱትን ሁለቱንም ማየት ይፈልጋል።