በራስ ቁር ላይ የምትታሰር ካሜራ መግዛት ይጠቅማልን?

ገንዘብ የተረፈው ሰው «ምን ልግዛ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ገንዘብ ያጠራቀመ ተማሪ ግን «ብገዛው ምን ይጠቅመኛል?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል። በዚህ ዓመት ይኸው ጥያቄ በእኔ ላይ ደርሶ ስለ ነበረ፥ እንዴት አድርጌ እንደ መለስሁት ለመጽሔታችን አንባቢዎች በአጭሩ ለማስረዳት እወዳለሁ።

ቤታችን በፉሪ ተራራ ግርጌ ነው። ፉሪን ብዙ ሰው የሚያውቃት በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ ወደ ጅቡቲ በሚሄደው የባቡር መሥመር ጣቢያ ነው፤ እኛ ብስክሌት ነጂዎች ግን የምናውቃት በተራራዋ ነው። ከላይ ባሕር ዛፍ አለ፤ ዝቅ ሲባል ጎርፍ የቦረቦረው የእግር መንገድ ይገኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ብስክሌታችንን እየገፋን ወጥተን እየነዳን እንወርዳለን።

በራስ ቁር፥ ማለት በተለምዶ ሄልሜት በምንለው ላይ፥ የምትታሰር ካሜራ መኖርዋን ያወቅሁት ተራራ ወራጆች ከቀረጹት ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው። የዚህች መሣሪያ ታሪክ ረዥም አይደለም። በባሕር ማዕበል ላይ መንሸራተት የሚወድ ኒክ ዉድማን የተባለ አሜሪካዊ፥ እጆቹ በጨዋታው ተይዘው ሳለ ፎቶግራፍ ማንሣት ስለ ፈለገ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ጎፕሮ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። በ2004 ለሽያጭ ያቀረባት የመጀመሪያዪቱ ካሜራ በእጅ አንጓ ላይ የምትታሰርና በፊልም የምትሠራ ነበረች። ዛሬ እንዲህ ያሉትን ካሜራዎች ልዩ ልዩ ድርጅቶች ይሠሯቸዋል።

እኔም ሁለት ክረምት ሠርቼ ያጠራቀምሁትን ገንዘብ ለዚህ ላወጣ ቆርጬ ሳለሁ፥ ከውጭ አገር ለጥምቀት በዓል የመጡት አጎቴ የራሳቸውን ካሜራ ለአንድ ሳምንት አዋሱኝ። «ልጄ፥ መጀመሪያ ሥራባት፤ ገንዘብህን ከዚያ በኋላ ትቈጥራለህ» አሉኝ። ምክራቸውን ተቀብዬ ያገኘሁት ውጤት የሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ ስለ ወጪዋ። ካሜራዋ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ስትቀርጽ 12.5 ሜጋባይት ማለት ነው። ይህ በደቂቃ 750 ሜጋባይት፥ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሆናል። እንግዲህ 64 ጊጋባይት የሚይዝ ካርድ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይደርስ ይሞላል። ባትሪዋ ደግሞ ካርዱ ሳይሞላ አለቀችብኝ። ስለዚህ ካሜራ የሚገዛ ሰው ትርፍ ባትሪ፥ ትርፍ ካርድና ሥዕሉን የሚያስቀምጥበት ኮምፒዩተር እንደሚያስፈልገው ማወቅ አለበት።

ሁለተኛ፥ ስለ ሥዕሉ እውነተኛነት። ስወርደው ልቤን ያስደነገጠው ቁልቁለት በሥዕሉ ላይ ሜዳ መስሎ ታየኝ። ምክንያቱም እንዲህ ነው፤ ሰው በሁለት ዓይኑ ርቀትን ይለካል፥ ካሜራዋ ግን አንድ ዓይና ናት። መስተዋትዋም ሰፊ ቦታ እንዲይዝ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ፊት ለፊት ያለውን ነገር አርቆና አሳንሶ ያሳያል። መንቀጥቀጡንም ራስዋ ስለምታርም፥ ድንጋዩ ሁሉ ከመንገዱ የተለቀመ ይመስላል።

ሦስተኛ፥ በነጂው ጠባይ ላይ ስለምታመጣው ለውጥ። ይህን የተማርሁት በሥቃይ ነው። ከባሕር ዛፉ በታች ባለው ጠምዛዛ መንገድ ዘወትር ፍሬን ይዤ አልፍ ነበር፤ በዚያ ቅዳሜ ግን ካሜራዋ እየቀረጸች ነውና ፍሬን ሳልነካ ገባሁ። ጎርፍ የቈፈረው ቦይ የፊቱን ጎማ ያዘና ወደ ፊት ጣለኝ። እጄ ተላጠ፤ የራስ ቁሬም ተሰነጠቀ።

ማታ ሥዕሉን ደጋግሜ ሳየው ግን አንድ ትልቅ ነገር ተገለጠልኝ። ካሜራዋ ከራስ ጋር ስለምትዞር፥ ነጂው ወዴት ያይ እንደ ነበረ ትመሰክራለች። እኔም አቀርቅሬ የማየው የፊቱን ጎማና ከጎማው ፊት ያለውን 3 ሜትር ያህል መሬት ብቻ ነበር። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በሴኮንድ 5 ሜትር ይጓዛል፤ 3 ሜትሩን የሚጨርሰው በ0.6 ሴኮንድ ነው። ሰው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ ግን አንድ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ቦዩን ባየው እንኳ ለማቆም አልችልም ነበር። ይህን ትምህርት የሰጠችኝ ካሜራዋ ስለ ሆነች፥ ጥቅም የላትም ብል ውሸት ይሆናል።

ነገር ግን ታናሽ ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ ያን ሥዕል ሲያይ «ይኼማ ሜዳ ነው፤ እኔም እወርደዋለሁ» አለ። እርሱ ገና የዐሥር ዓመት ልጅ ነው። መውደቄ ያላስደነገጠኝን ያህል ይህ ቃል አስደነገጠኝ። በማግሥቱ ይዤው በእግር ወጣንና ከጠምዛዛው መንገድ አፋፍ ላይ አቆምሁት። ቁልቁል አየና ሳይናገር እጄን ያዘ።

ጓደኛዬ «ካሜራ ከሌለን ማን ያውቀናል?» ብሎ ተከራከረኝ። እኔም በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ ውድድር የተካፈለው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ የታወቀው በመንዳቱ መሆኑን አስታወስሁት።

በመጨረሻም እንዲህ ወሰንሁ። በራስ ቁር ውስጥ ያለው ፎም ራስን የሚያድነው እየተጨፈለቀ የምቱን ኀይል ስለሚቀበል ነው፤ አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ ሁለተኛ አያገለግልም። ስለዚህ በገንዘቤ አዲስ የራስ ቁርና አዲስ የፍሬን ጎማ ገዛሁ፤ የተረፈውን አስቀመጥሁ። ካሜራዋንም አመስግኜ ለአጎቴ መለስሁ። አሁን ስንወርድ ከሦስታችን አንዱ ከታች ቆሞ ራሳችን ወዴት እንደሚያይ ይነግረናል፤ ይህም ባትሪ አይፈልግም።

ለተወዳዳሪና ለአሠልጣኝ ካሜራዋ መግዛት የሚገባት መሣሪያ ትሆናለች። ብዙ ሆነው ገንዘብ አዋጥተው በጋራ ቢይዟትም መልካም ነው። የራስ ቁሩ የተሰነጠቀና ፍሬኑ ያለቀ ተማሪ ግን ካሜራ ቢገዛ፥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንበታል። እንግዲህ ተማሪዎች ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ መውረዳችንን የሚያሳይ ዕቃ ከመግዛታችን በፊት በደኅና የሚያወርደንን እንግዛ።