የኖርዌይ መምህራንና ካህናት ጽናት

ለሹም መታዘዝ ተገቢ መሆኑን ሁሉ ያውቀዋል፤ ሹም ከሌለ ደካማው በብርቱ እጅ ይጠፋልና። ነገር ግን ሹሙ ከግብርና ከሥርዓት አልፎ በሰው ኅሊና ላይ ልዘዝ ያለ እንደ ሆነ ምን ማድረግ ይገባል? ይህን ጥያቄ በቃል ብቻ ሳይሆን በኑሮው የመለሰ ሕዝብ አለ፤ እርሱም የኖርዌይ ሕዝብ ነው።

የጀርመን ጦር ኖርዌይን የወረረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አፕሪል 9 ቀን 1940 ነው። ንጉሡና መንግሥቱ ከጥቂት ወራት ውጊያ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ። ለወራሪው ያደረው ቪድኩን ክዊስሊንግ ደግሞ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1942 የመንግሥት መሪ ተብሎ ተሾመ። ወዲያውም ልጆች ሁሉ በፓርቲው የወጣቶች ማኅበር እንዲገቡ፥ መምህራንም በአዲስ ማኅበር ተጠቃለው የፓርቲውን ትምህርት እንዲያስተምሩ አዘዘ።

መምህራኑ መሣሪያ አልነበራቸውም። ያደረጉት ነገር ይህ ነው፤ እያንዳንዱ መምህር ኅሊናው የማይፈቅደውን ለማስተማርና የማኅበሩ አባል ለመሆን እንደማይችል የሚገልጽ ደብዳቤ በገዛ ስሙ ፈርሞ ላከ። በአገሩ ከነበሩት 14,000 ገደማ መምህራን አብዛኞቹ ይህን አደረጉ። በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ወላጆችም የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ። መንግሥቱ ማገዶ ጠፋ የሚል ምክንያት ሰጥቶ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፤ በማርች ወርም 1,100 ያህል መምህራንን አሰረ። ከእነርሱም 500 የሚያህሉት በመርከብ ተጭነው በሰሜን ጫፍ ወዳለችው ኪርከነስ ተወሰዱ፤ በዚያም በብርድ ከባድ ሥራ ሠሩ። ሆኖም ማኅበሩ ሳይቆም ቀረ፤ ግዞተኞቹም በዚያው ዓመት ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ካህናቱም እንዲሁ አደረጉ። ክዊስሊንግ በተሾመበት ቀን በትሮንድሃይም ከተማ በኒዳሮስ ካቴድራል የፓርቲው ደጋፊ የሆነ ቄስ እንዲያገለግል ተደረገ። የካቴድራሉ አለቃ አርነ ፊየልቡ ከሰዓት በኋላ በጠራው ጸሎት ላይ ግን ፖሊሶች ደጁን ዘጉ፤ ሕዝቡም ሳይበተን በብርድ ቆሞ መዝሙር ዘመረ። አለቃው ከሥራው በተሻረ ጊዜ ሰባቱ ጳጳሳት ከመንግሥት የተቀበሉትን ሹመት ፌብሩዋሪ 24 ቀን መለሱ። በፋሲካ ቀን አፕሪል 5 የቤተ ክርስቲያን መሠረት የተባለው መግለጫ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ተነበበ፤ አብዛኞቹ ካህናትም ጳጳሳቱን ተከተሉ።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ካህናቱ የተዉት ከመንግሥት የሚያገኙትን ሹመትና ደመወዝ ነው እንጂ በቅስና የተቀበሉትን አደራ አይደለም። ማጥመቁን፥ መቅበሩን፥ ማስተማሩን ቀጠሉ፤ ምእመናንም ከድህነታቸው አዋጥተው አኖሩአቸው። የጳጳሳቱ መሪ ኤይቪንድ ቤርግራቭ ግን ተይዞ በጫካ ውስጥ ባለች ጎጆ ሦስት ዓመት ያህል በዘበኛ ተጠበቀ።

ይህ ጽናት ሁሉን አዳነ ማለት አይደለም። የቤተ ክርስቲያን መሪዎች በ1942 ስለ አይሁድ መከራ የተቃውሞ ደብዳቤ ቢጽፉም፥ በኖቬምበር 26 ቀን ከ500 የሚበልጡ አይሁድ ከኦስሎ ወደብ በመርከብ ተጋዙ፤ የሚበዙትም ሞቱ። ኖርዌይ ነፃ የወጣችው በሜይ 8 ቀን 1945 ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? ግፈኛ ጥቂት መሪዎችን በማሰር ሕዝብን ዝም ማሰኘት ይችላል፤ ሁሉም በየስሙ እንቢ ባለ ጊዜ ግን የሚያስረው አይጨርስም። ደግሞም ከሹም የተሰጠንንና ከእግዚአብሔር የተሰጠንን አስቀድሞ ለይቶ ያላወቀ ሰው፥ ፈተናው በመጣ ቀን ደመወዙን ሊያድን ሲል አደራውን አብሮ ይሰጣል። ስለዚህ ይህን መለየት በሰላሙ ጊዜ እንማር፤ ልጆቻችንንም እናስተምር።