ስለ ኮሜዲ አሠራር፤ በአስመሳዩ ሐኪም ምሳሌነት

ሰውን ማስለቀስ ከባድ ነው፣ ማሣቅ ግን ቀላል ነው ብሎ የሚያስብ ከመካከላችሁ አይጠፋ ይሆናል። እኔም በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤታችን የድራማ ክበብ ጋር አንድ የታወቀ ኮሜዲ እስክሠራ ድረስ ሐሳቤ ይኸው ነበር። ስለዚህ ኮሜዲ በመድረክ ላይ እንዴት እንደሚሠራ፣ በልምምዳችን የገጠመንን እየጠቀስኩ ላስረዳ እሞክራለሁ።

የአማርኛ ቴአትር ራሱ የተወለደው በኮሜዲ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የጻፉት የመጀመሪያው ተውኔት «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ይባላል። አራዊትን እያናገረ የሹማምንቱን ጥፋት ስለ ነካ ታገደ። ሣቅ የሚፈራ ነገር መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እኛ የመረጥነው ግን ፈረንሳዊው ሞሊየር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1666 ያቀረበውን፣ ሳይወድ በግድ ሐኪም ስለ ሆነ ሰው የሚናገረውን ተውኔት ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «የፌዝ ዶክተር» በሚል ስም ወደ አማርኛ መልሶታል። መጽሐፉን ፈልገን ስላጣን፣ መምህራችን ከእንግሊዝኛው እያነበቡ ታሪኩን ነገሩን፤ ንግግሩን እኛው በምናውቀው በጎንደር አማርኛ ጻፍነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ሰካራም እንጨት ፈላጭ ሚስቱን ይመታል። እርሷም ልትበቀለው ስታስብ፣ ሐኪም ፍለጋ የሚዞሩ የአንድ ባለጸጋ አሽከሮች ያገኟታል። የጌታቸው ልጅ አንደበቷ ተዘግቷል። ሴትዮዋ ባሏ ትልቅ ሐኪም እንደ ሆነ፣ ነገር ግን ካልተደበደበ ሐኪምነቱን እንደማያምን ትነግራቸዋለች። ሰውዬውም በዱላ ሐኪም ይሆናል! ልጅቱ ደግሞ ሕመም የለባትም፤ አባቷ ለማትወደው ሰው ሊድራት ስላሰበ ድዳ መስላ የተቀመጠች ናት።

እንጨት ፈላጩ እኔ ነበርሁ። ሚስቴ ሆና የተጫወተችው የዳባት ልጅ ገና በመጀመሪያው ልምምድ፣ «እኔ ስመታ ሕዝቡ እንዲሥቅ አልፈልግም» አለች። ተከራከርን። በመጨረሻ ድብደባው ከመጋረጃው በስተጀርባ በድምፅ ብቻ እንዲሰማ ተስማማን። እውነቷን ነበር፤ አዳራሹ በዚያ ጊዜ ዝም አለ፣ በኋላ እኔ ስደበደብ ግን ሣቁ እጥፍ ሆነ።

ስለ ዱላው አንድ ነገር ልጨምር። የጥንት የኢጣልያ ኮሜዲ ተዋንያን ሁለት ስስ ጣውላ አጋጥመው የሚሠሩት ዱላ ነበራቸው፤ ሲመቱበት በኃይል ይጮኻል እንጂ አያምም። የሞሊየር ቡድንም በፓሪስ ከኢጣልያኖች ጋር በአንድ አዳራሽ በየተራ ይሠራ ስለ ነበር ብዙ ነገር ተምሮባቸዋል። እኛም ከተሰበረ ዴስክ አንድ ሠራን። (በመጀመሪያው ቀን ትንሽ አምሞኛል።)

ዋናው ሕግ ግን ተዋናዩ ራሱ አለመሣቁ ነው። እኔ በልምምድ ጊዜ በገዛ ቀልዴ እየሣቅሁ አስቸገርሁ። መምህራችንም፣ «አንተ እኮ ስለ ነፍስህ ነው የምትዋሸው፤ ከታወቀብህ ትሰቀላለህ፤ ምን ያሥቅሃል?» አሉኝ። በእርግጥም በተውኔቱ ሰውዬው ለስቅላት ይደርሳል። ሞሊየር ራሱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1673፣ ሳይታመም ታምሜአለሁ የሚል ሰው ሆኖ ሲጫወት በእውነት ታሞ ነበር፤ በአራተኛው ትርኢት ላይ ሕመሙ ጸናበትና በዚያው ሌሊት ሞተ።

ያስቸገረን የቋንቋው ነገር ነው። በሞሊየር ዘመን የፈረንሳይ ሐኪሞች በላቲን ይነጋገሩ ነበር፤ ሕዝቡም ስላልገባው ያከብራቸው ነበር። እንጨት ፈላጩ ቀድሞ የሐኪም አሽከር ስለ ነበር ከዚያ የለቃቀማትን ላቲን ይቀባጥራል፤ ልብን በቀኝ፣ ጉበትን በግራ አድርጎ ሲናገር ባለጸጋው ቢጠይቀው፣ ያ የድሮ ነው፣ አሁን ለውጠነዋል ይላል።

በላቲን ፈንታ ምን እናድርግ? አንዳችን ግእዝ አለ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደገ ጓደኛችን ግን ተቈጣ። «ጎንደር ላይ በግእዝ ብትቀባጥር ካዳራሹ ግማሹ ስሕተትህን ያውቅብሃል» አለን። ልክ ነው፤ ቀልዱ የሚሠራው ሰሚው ሳያውቅ ሲያከብር ነው። ወላጆቻችን ሳያውቁት የሚያከብሩት ቋንቋ የቱ ነው ብለን ስንጠይቅ መልሱ እጃችን ላይ ነበር። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። የባዮሎጂ ደብተሬን ገለጥሁና «ፎቶሲንተሲስ! ሃይፖቴሲስ! ማይቶኮንድሪያ!» ማለት ጀመርሁ፤ ክበቡ በሣቅ ፈረሰ።

የትርኢቱም ዕለት ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች እንደዚያው ፈረሱ። ፊት የተቀመጡት ወላጆች ግን አልሣቁም፤ ጸጥ ብለው ያዳምጡ ነበር። ከእነርሱ መካከል ከደንቢያ የመጣው አባቴ በየቃሉ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1945 ዓ. ም. በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል፤ አያቴ በዚያ ዓመት ሁለት ወንድሞቹን ቀብሯል። በ1947 ዓ. ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተና ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ጀመር። በቤታችን ቦርሳ ይዞ በዚያ ቋንቋ የሚናገር ሰው ነፍስ ያዳነ ሰው ነው። ይህን ሳስብ ቃሌ ጠፋብኝ፤ ሚስቴ ከመጋረጃው ኋላ በሹክሹክታ አስታወሰችኝ።

ሲያበቃ አባቴ በር ላይ ጠበቀኝና፣ «ልጄ፣ ያ ስትጠራው የነበረው መድኃኒት ለምን ይሆናል?» አለኝ።

«ማይቶኮንድሪያ መድኃኒት አይደለም፣ አባዬ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

በፈተና ላይ ጽፌው ሙሉ ነጥብ ያገኘሁበት ትርጉም በቃሌ አለ፤ ያለው ግን በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ጀመርሁት፣ አልሆነም፤ እንደ ገና ጀመርሁት። አባቴም ወደ ደንቢያ መመለሻ መኪናው እስኪሞላ ድረስ መናኸሪያው ውስጥ ቆሞ ጠበቀኝ።