ስለ እስረኞች ድሪቶ

የታሰረ ሰው እጁ ሥራ ሲፈታ ልቡናው ክፉ ነገር ማሰላሰል ይዠምራል። ይህን አስተውላ ለእስረኞች መርፌና ክር የሰጠች ኤልሳቤጥ ፍራይ የምትባል የእንግሊዝ አገር ሴት ነበረች። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1813 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ኒውጌት ወደሚባለው ወህኒ ብትገባ፥ ወደ 300 የሚኾኑ ሴቶች ከልጆቻቸው ጋራ በጠባብ ስፍራ ታጭቀው አገኘች። ከእነርሱም ብዙዎቹ ነፍስ የገደሉ አልነበሩም፤ ጨርቅ ወይም ጥቂት ገንዘብ ሰርቀው የተያዙ ድኾች ነበሩ እንጂ።

በ1817 ዓ.ም. ከባልንጀሮቿ ጋራ ማኅበር አቁማ ለእናቶቹ የስፌት ሥራ ልትሰጥ ባሰበች ጊዜ፥ ሹማምንቱ ነገሩ ይሳካል ብለው አላመኑም ነበር። እርሷ ግን በትእዛዝ አልዠመረችም። የሥራው ደንብ አንድ በአንድ እየተነበበላቸው፥ የተስማማችው ኹሉ እጇን እንድታነሣ ተደረገ። ምናልባት ከስፌቱ ይልቅ ይህ ሳይበልጥ አይቀርም፤ ለብዙ ዘመን ስትታዘዝና ስትሰደብ የኖረች ሴት ዐሳቧን ሲጠይቋት ሰው መኾኗ ትዝ ይላታልና።

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ መንግሥት ጥፋተኞችን በመርከብ ወደ አውስትራልያ ያግዝ ነበር። የማኅበሩ ሴቶችም ለምትጋዘው ለያንዳንዷ ከረጢት ይሰጧት ነበር፤ በውስጡም መርፌ፥ ክር፥ መቀስና ቀለሙ ልዩ ልዩ የኾነ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነበረበት። በ1841 ዓ.ም. ራጃ የተባለች መርከብ 180 ያህል ሴቶች ጭና ከእንግሊዝ አገር ተነሣችና፥ ሦስት ወር ተኩል ያህል በባሕር ተጕዛ ዛሬ ታዝማንያ በምትባለው ደሴት ሆባርት ከተማ ደረሰች። ኬዚያ ሄይተር የምትባል ወጣት ሴትም ልትጠብቃቸውና ልታስተምራቸው አብራቸው ሄዳ ነበር።

ሴቶቹ በመንገድ ሳሉ ታላቅ የአልጋ ልብስ ሰፉ። በአማርኛ ድሪቶ ሲባል የድኻ ልብስ ይታሰባል፤ ይኸኛው ግን ወርዱም ቁመቱም ከ3 ሜትር የሚበልጥ፥ 2,815 ቁራጭ ጨርቅ የተገጣጠመበት፥ በመካከሉም ወፎችና አበቦች ያጌጡበት ነው። ስፌቱ ኹሉ አንድ ዐይነት አይደለም። አንዱ ስፍራ ቀጥ ያለና የተጠቀጠቀ፥ ሌላው የተወላገደ ነው፤ የለመደችውና ገና የምትማረው ጐን ለጐን ተቀምጠው እንደ ሠሩት ይታያል።

በግርጌው ስለ ተደረገላቸው ቸርነት ለማኅበሩ ሴቶች ምስጋና፥ የትጋትንም ምክር ቸል እንዳላሉ የሚያስረዳ ቃል ተጠልፎበታል። በጠባቂ ፊት የሚያመሰግን እስረኛ ልቡን ኹሉ ገልጧል ማለት ያስቸግራል። ነገር ግን በሚናወጥ መርከብ ላይ ያን ያህል ቁራጭ ለክቶ ማጋጠም በግድ ብቻ የሚፈጸም ሥራ አይደለም። ለሴቶቹም ሌላ ጥቅም ነበረው፤ በዚያ አገር ከእነርሱ ብዙዎቹ በሰው ቤት ለአገልግሎት ይሰጡ ነበርና፥ መስፋት የምታውቅ ሴት በእጇ ሙያ ይዛ ወረደች ማለት ነው። መርፌ ግን ለሌብነት ያበቃቸውን ረኃብ አላስወገደም፤ ያን የሚያስወግድ ሌላ ነገር ያስፈልግ ነበር።

ድሪቶው ለብዙ ዘመን ጠፍቶ ኖሮ በ1987 ዓ.ም. በስኮትላንድ አገር በአንድ ቤት ጣራ ሥር ተገኘ። ከ1989 ዓ.ም. ዠምሮ በአውስትራልያ ዋና ከተማ በካንበራ፥ በብሔራዊው የሥዕል ቤት ይገኛል፤ ብርሃን እንዳያበላሸው አልፎ አልፎ ብቻ ለሕዝብ ያሳዩታል። ከሰፉት ሴቶች ግን የአንዲቱም ስም በላዩ አልተጻፈም።