አየር መንገድ ሲሸጥ የሚሸጠው ምንድን ነው?

የደከመውን አየር መንገድ ሁለት ኩባንያዎች ሲሻሙበት ስንሰማ፣ የሚሻሙት ለአውሮፕላኖቹ ይመስለናል። ነገሩ እንዲህ አለመሆኑን ከብሪቲሽ ካሌዶኒያን ታሪክ እንመልከት። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ኩባንያ በ1970 ከሁለት የግል አየር መንገዶች ውሕደት የተቋቋመ ሲሆን፣ ዋና ማዕከሉ ከለንደን በስተደቡብ ያለው የጋትዊክ አውሮፕላን ጣቢያ ነበር። ነዳጅ ወደሚወጣባቸው ወደ ናይጄሪያና ወደ ቴክሳስ ይበር ነበርና፣ በ1986 የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ገቢው ቀንሶ ለኪሳራ ተዳረገ።

በ1987 ብሪቲሽ ኤርዌይስ ሊገዛው ተነሣ፤ የስዊድን፣ የኖርዌይና የዴንማርክ የጋራ አየር መንገድ የነበረው ኤስ. ኤ. ኤስ. ደግሞ ተወዳደረ። ነገር ግን መንግሥታት ስለ በረራ በሚዋዋሉት ውል መሠረት፣ በብሪታንያ ስም የሚበር ኩባንያ ባለቤትነቱና አመራሩ በብሪታንያውያን እጅ መሆን ነበረበት። ስለዚህ ኤስ. ኤ. ኤስ. ብዙ ድርሻ ቢይዝ ኩባንያው የበረራ መብቱን ሊያጣ ይችላል፤ ጥቂት ቢይዝ ደግሞ አዛዥ አይሆንም። በዓመቱ መጨረሻ ብሪቲሽ ኤርዌይስ በ250 ሚሊዮን ፓውንድ አሸነፈ።

እንግዲህ ዋናው ሀብት የመብረር መብት ነው። ይህንንም መብት የሚሰጠው መንግሥት በሕዝብ ስም ነው። የብሪታንያ የሞኖፖል መርማሪ ኮሚሽን ግዢውን ሲፈቅድ፣ ብሪቲሽ ኤርዌይስ አንዳንድ መስመሮችን ለመልቀቅ ቃል ገብቶ ነበር። ይሁን እንጂ የተለቀቀ መስመር የተዋጠን ተፎካካሪ አይተካም። ሻጭና ገዥ በዋጋ ቢስማሙም፣ ለመንገደኛው ምን ምርጫ እንደሚቀርለት ሳይመረመር ውሉ መጽደቅ የለበትም እንላለን።