ከማሽኑ በፊት ያለው እጅሽ

ቆይ እህት ዓለም፣ ብሩሹን ከኢንዶስኮፑ ቱቦ ገና ወደ ኋላ አትሳቢው። ጫፉ በዚያ ማዶ እስኪወጣ ግፊው፤ የያዘውን እዚያው እጠቢለት፣ ከዚያ ሳቢው። ቆሻሻውን እንደያዘ ከተመለሰ ያወጣሽውን መልሰሽ ቱቦውን ቀባሽው ማለት ነው። ብሩሹ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ደጋግሚው። ሁሉንም ውሃው ውስጥ አጥልቀሽ ሥሪ፤ ከውሃው በላይ ከሆነ ፍንጣቂው ፊትሽ ላይ ነው የሚያርፈው።

«የማጠቢያ ማሽኑ ያጥበው የለም ወይ?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ያጥባል፤ ባክቴሪያና ቫይረስም ይገድላል። እኔ የምነግርሽ ግን ሊገደል ስለማይችል ነገር ነው፤ ከመጀመሪያውም ሕይወት የለውምና። ፕሪዮን ይባላል። ቅርጹ የተበላሸ ፕሮቲን ነው። ጤነኛውን ፕሮቲን ሲያገኝ እንደ ራሱ ያጣምመዋል፤ የተጣመመውም ሌላውን ያጣምማል። እንዲህ እየበዛ አንጎልን ያጠፋል። ሲጄዲ የምንለው የክሮይትስፌልት ያኮብ በሽታ የሚመጣው ከዚህ ነው። የሚያድን መድኃኒት የለውም። ሰው ውስጥ ከገባ በኋላም ምልክት ሳያሳይ ብዙ ዓመት ሊቆይ ይችላል።

አሁን የምትሠሪባት ብሪታንያ ይህን የተማረችው በሰው ሕይወት ነው። የእብድ ላም በሽታ ወደ ሰው መሻገሩ በ1996 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ። እስካሁን እዚህ ሀገር 178 ሰዎች ከዚሁ በመጣው፣ ቫሪያንት ሲጄዲ በሚባለው ዓይነት ሞተዋል። ይህኛው ዓይነት አንጎል ላይ ብቻ አይወሰንም፤ ቶንሲል፣ ትርፍ አንጀትና የአንጀት ግድግዳ ውስጥ ባለው የሊምፍ ሕብረ ሕዋስም ይገኛል። በ2013 የወጣ ጥናት በቀዶ ሕክምና ከወጡ 32,441 የትርፍ አንጀት ናሙናዎች ውስጥ በ16ቱ የተበላሸውን ፕሮቲን አግኝቷል፤ ከ2,000 ሰው አንድ ገደማ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ይታመማሉ ማለት አይደለም። ነገር ግን በእጅሽ የያዝሽው ኢንዶስኮፕ የሚገባው ወደዚሁ አንጀት፣ ናሙናም የሚቆነጥረው ከዚሁ ነው። በጨጓራና በአንጀት ምርመራ መሣሪያ ቫሪያንት ሲጄዲ ተላለፈበት ተብሎ የተመዘገበ ሰው እስካሁን የለም። እንዲህ እንዲቀጥል የሚያደርገው ይህ የምታዪው ሥራ ነው።

በመሣሪያ መተላለፉ ግን ተረት አይደለም። በ1970ዎቹ ዙሪክ ውስጥ ሲጄዲ በነበረባት ሴት አንጎል ውስጥ የገቡ ኤሌክትሮዶች በኋላ ለሁለት ወጣት የሚጥል በሽታ ታማሚዎች ዋሉ። ሁለቱም በበሽታው ተያዙ። ኤሌክትሮዶቹ እኮ ዝም ብለው አልተላለፉም፤ በአልኮልና በፎርማልዲሃይድ ጢስ ተጸድተው ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይተው፣ ደጋግመው ከጸዱም በኋላ፣ አንድ ቺምፓንዚ አንጎል ውስጥ ሲገቡ እሱም ታመመ።

ከዚህ የምትወስጂው አንድ ነገር ነው፦ ያልታጠበ መሣሪያ ላይ ኬሚካል አይፈስስም። አልኮልም ሆነ አልዲሃይድ ፕሮቲንን አያነሳም፤ ባለበት ያደርቀዋል፣ ከብረቱና ከፕላስቲኩ ጋር ያጣብቀዋል። የሽሮ ድስት ወዲያው ውሃ ካልተደረገበት በኋላ ስትፍቂው እንደምትውዪ ታውቂያለሽ፤ ይሄም ያው ነው። ነገ ግሉታራልዲሃይድ በሚጠቀም ቦታ ብትቀጠሪ ይህን ቃሌን አትርሺ።

ፕሪዮንን የሚያዳክም ነገር የለም አልልሽም። በ134 ዲግሪ ኦቶክላቭ 18 ደቂቃ፣ ወይም ብርቱ ኮስቲክ ሶዳ ለአንድ ሰዓት፣ ወይም ክሎሪኑ 20,000 ፒፒኤም የሆነ በረኪና ለአንድ ሰዓት በእጅጉ ይቀንሰዋል። ቀዶ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ብረት ይህን ይችለው ይሆናል። ተጣጣፊው ኢንዶስኮፕ ግን ላስቲክ፣ ሙጫና ሌንስ ስለሆነ አንዱንም አይችልም። ስለዚህ ለእኛ የቀረው ፕሮቲኑን አጥቦ ማውጣት ብቻ ነው፤ ያም ብሩሽ፣ ማጽጃና ውሃ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከአልጋው አጠገብ ነው። መሣሪያው ከታካሚው እንደወጣ ውጪው ይጠረግ፣ በቱቦዎቹ ማጽጃ ይሳብ። ደርቆ ከመጣልሽ የክፍሉን ነርሶች በአክብሮት ተናገሪያቸው እንጂ ዝም አትበዪ። በዕለቱ ያልተሠራበትንም ቱቦ እጠቢ፤ ፈሳሽ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ማጽጃውን ለእያንዳንዱ ኢንዶስኮፕ በአዲስ ቀይሪ። አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ብሩሽና የናሙና መቆንጠጫ ደህና ቢመስልሽም ጣዪው። ለቁጠባ ብለሽ አጥበሽ አትመልሺው፤ የመቆንጠጫውን ጥርስ ማንም በእጁ አጥርቶ አያጸዳውም።

ከምርመራው በፊት ታካሚው ስለ ሲጄዲ ተጋላጭነት ተነግሮት እንደሆነ ይጠየቃል። ጥያቄው ለወግ አይደለም። ቫሪያንት ሲጄዲ ያለበት ወይም የተጠረጠረ ሰው ላይ ናሙና የተወሰደበት ኢንዶስኮፕ ወደ ሌላ ታካሚ አይሄድም፤ ተለይቶ ይቀመጣል፣ ወይም ለዚያው ሰው ብቻ ይውላል፣ ወይም ይወገዳል። ውሳኔው የኢንፌክሽን ቁጥጥር ክፍል ነው፤ ያንቺ ድርሻ ወዲያው መለየትና ማሳወቅ ነው። የአፍንጫና የአንጎል ኢንዶስኮፕ ከመጣ ደግሞ ጥንቃቄው ይጠብቃል፤ በማንኛውም ዓይነት ሲጄዲ አደጋው የሚከፋው እዚያ ነው።

መዝገቡን እንደ ተራ ወረቀት አትዪው። የኢንዶስኮፑ ቁጥር፣ የታካሚው መለያ፣ ያጠበው ሰው ስም፣ የማሽኑ ዙር፣ ሁሉም ይጻፍ። በሽታው ከዓመታት በኋላ ብቅ ቢል «ይህ መሣሪያ ከዚያ በኋላ ማንን ነካ?» የሚለውን የሚመልሰው ይሄ መዝገብ ብቻ ነው። ያላየሽውን አትፈርሚ።

አንድ የምፈራልሽ ነገር አለ፤ ጥድፊያ። ተራው ረዝሞ «ኢንዶስኮፑ የት ደረሰ?» ብለው ይጠሩሻል። ሐኪሙ ትልቅ ሰው ነው፣ አንቺ ደግሞ አዲስ ነሽ፤ እንቢ ማለት ይከብድሻል። ያኔ ድምፅሽን ሳታነሺ «ገና አላለቀም» በዪ። ከተጠራጠርሽም ከመጀመሪያው ጀምሪው። ታካሚው አንቺን አያይሽም፣ ስምሽንም አያውቅም፤ መሣሪያው ንጹሕ ነው ብሎ ሲተኛ ግን ያመነው አንቺን ነው። ስለዘገየሽ የሚቆጣሽ ቢኖር ወደ እኔ ላኪው፣ እኔ እመልስለታለሁ።