ኩሽኔታ ቶሎ ቶሎ ሲበላሽ ምክንያቱን ስለ መመርመር

በአባጣ ጎርባጣ መንገድ ዕቃ ለማመላለስ አሮጌ ላንድሮቨር ወይም ላንድክሩዘር የያዘ ነጋዴ፥ የጎማው ኩሽኔታና ፓራኦሊዮ በየጊዜው እየተበላሸ ሲያስቸግረው ጥፋቱን ሁሉ በመለዋወጫ ሻጩ ላይ ያደርጋል። በገበያ ላይ ተመሳስለው የተሠሩ ዕቃዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሦስተኛውም ኩሽኔታ እንደ ፊተኞቹ ከተበላሸ፥ ምክንያቱን ከዕቃው ውጭ መፈለግ ይገባል።

የወለቀው ኩሽኔታ ሳይታጠብ ይመርመር። ግራሶው እንደ ወተት ነጥቶ ወይም ብረቱ ዝጎ ቢገኝ ውሃ ገብቶበታል። ብረቱ በሙቀት ወደ ሰማያዊነት ከተለወጠ፥ አብዛኛውን ጊዜ ዳዶው ከመጠን በላይ ጠብቋል፥ ወይም ግራሶ አንሶታል። ግራሶው በዘይት ከቀጠነ፥ ዘይቱ ከዲፈረንሲያል በኩል አልፎ የመጣ መሆኑ ይጠረጠራል። የውጭው ቀለበት ጀርባ ተፍቆ ካብረቀረቀ፥ ቀለበቱ በመቀመጫው ውስጥ ይዞር ነበር ማለት ነው፤ መቀመጫው ሰፍቷልና አዲስ ቢገባም አይበረክትም።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው የዲፈረንሲያሉ መተንፈሻ ነው። መተንፈሻው በጭቃ ሲደፈን፥ በሙቀት የሰፋው አየር ዘይቱን በፓራኦሊዮው በኩል ይገፋዋል፤ የጋለው መኪና ወንዝ ሲገባ ደግሞ አየሩ በድንገት ቀዝቅዞ ስለሚሰበሰብ ውሃን ወደ ውስጥ ይስባል። እንዲሁም ፓራኦሊዮው የሚያርፍበት ብረት በጥፍር ሲዳሰስ ተቦርቡሮ ከተገኘ፥ አዲሱም ፓራኦሊዮ ማፍሰሱ አይቀርም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደ ተባለ፥ ገዢ አሮጌውን ኩሽኔታ ሳይጥል ይዞ ይቅረብ። ሻጭም ከመከራከር ይልቅ ምልክቱን ቢያሳየው፥ አንዱ ከከንቱ ወጪ ይድናል፤ ሌላው ደንበኛውን አያጣም።